ቴብሉ ስለበዛ ነው ሲስተሙ የሚጎተተው?

ደሴ፣ ኮምቦልቻ ወይም ወልዲያ አንድ ቢሮ ገብታችሁ ጉዳያችሁ ሲዘገይ የምትሰሙት ምክንያት የታወቀ ነው። "ሲስተሙ እየጎተተ ነው፤ ዳታው በዝቶ ነው፣ ትንሽ ታገሱን።" ባለጉዳዩም "እሺ ልጄ" ብሎ አግዳሚው ላይ ይቀመጣል። ሲስተሙን የሠራው ባለሙያ ሲጠየቅም መልሱ ብዙ አይለይም። ዳታ በዛ፣ ሰርቨር ይቀየር። ሰርቨሩ፣ ማለትም መረጃው የሚቀመጥበት ዋናው ኮምፒውተር፣ በስንት ደብዳቤና በስንት ጨረታ ይገዛል። ጥቂት ወራት ቀለል ይላል። ከዚያ መጎተቱ ተመልሶ ይመጣል።

ይህን የምጽፈው ምክንያቱ ብዙ ጊዜ እውነት ስላልሆነ ነው። አካባቢያችን ያሉ መሥሪያ ቤቶች የሚይዙት መረጃ ለዛሬ ዳታቤዝ፣ ማለትም መረጃን ለሚያስቀምጠውና ለሚፈልገው ሶፍትዌር፣ ትንሽ ነው። ቴብል፣ መረጃው የተጻፈበት ሠንጠረዥ፣ የሚዘገየው ለአንዲት ትንሽ ጥያቄ መልስ ለመስጠት ያለውን ረድፍ ሁሉ እንዲያነብ ሲገደድ ነው። ይህ ደግሞ ያለ ምንም ግዢ፣ በአንድ ከሰዓት ሥራ ሊስተካከል ይችላል። አግዳሚው ላይ የሚጠብቁት ሰዎች ብዙዎቹ ሌሊት ተነስተው ከገጠር የመጡ ናቸው። የመጨረሻው መኪና ሳያመልጣቸው መመለስ አለባቸው። ለዚህ ነው ነገሩ የሚያሳስበኝ።

ጣሪያው የት ነው?

ቴብል በረድፍና በዓምድ የተደራጀ መዝገብ ነው። አንድ ታካሚ አንድ ረድፍ ይይዛል፤ ስሙ፣ ዕድሜው፣ የካርድ ቁጥሩ ዓምዶች ናቸው። እያንዳንዱ የዳታቤዝ ሶፍትዌር አንድ ቴብል እስከ ምን ድረስ ሊያድግ እንደሚችል የራሱ ጣሪያ አለው።

ፖስትግሬስ በተለመደው አደረጃጀቱ አንድ ቴብል እስከ 32 ቴራባይት ይይዛል። የማይኤስኪውኤል ዋና ማከማቻ የሆነው ኢኖዲቢ እስከ 64 ቴራባይት ይሄዳል። ስልካችሁ ውስጥ ሳይቀር የሚሠራው ትንሹ ኤስኪውላይት እንኳ ዳታቤዙን በሙሉ እስከ 281 ቴራባይት በሚደርስ አንድ ፋይል ሊይዝ ይችላል። አንድ ቴራባይት አንድ ሺህ ጊጋባይት ገደማ ነው።

አሁን የእኛን እንቁጠር። በቀን 300 ታካሚ የሚያይ፣ በዓመት 300 ቀን የሚሠራ ጤና ጣቢያ እናስብ። በ10 ዓመት 900 ሺህ ረድፍ ይሰበስባል። አንዱ ረድፍ 300 ባይት ቢወስድ ጠቅላላው 270 ሜጋባይት ነው። ይህ ሁሉ የአሥር ዓመት ሥራ በአንድ ተራ ስልክ ራም፣ ማለትም ስልኩ ሲሠራ መረጃ በሚያቆይበት ፈጣን ቦታ፣ ውስጥ ይገባል።

ከፍ እናድርገው። 200 ሺህ ደንበኛ ያለው የቁጠባና ብድር ተቋም እንውሰድ። እያንዳንዱ ደንበኛ በወር 10 ጊዜ ገንዘብ ቢያንቀሳቅስ በዓመት 24 ሚሊዮን ረድፍ ይሆናል። በ200 ባይት ሲባዛ 4.8 ጊጋባይት ነው። የፖስትግሬስን 32 ቴራባይት ለመሙላት ከ6 ሺህ ዓመት በላይ ይፈጃል።

ስለዚህ ትልቁ ጣሪያ አያስጨንቃችሁ። የሚያስቸግሩት ትንንሾቹ ናቸው። እነሱን ግን ብዙ ሰው የሚያውቃቸው ከተመታባቸው በኋላ ነው።

ኤክሴልን እንይ። አንድ ሉህ ከ1,048,576 ረድፍ በላይ አይቀበልም። የድሮው የኤክሴል ፋይል ዓይነት ደግሞ 65,536 ላይ ይቆማል። በ2020 እ.ኤ.አ. መኸር እንግሊዝ ውስጥ 15,841 የኮቪድ ታማሚዎች ከዕለታዊው ቆጠራ ውጭ የቀሩት በዚህ የድሮ ፋይል ዓይነት ምክንያት ነበር። ፋይሉ ሞላ፣ ትርፉ ሳይገባ ቀረ፣ ከታማሚዎቹ ጋር የተነካኩትን ሰዎች ፍለጋም ዘገየ። መዝገባቸውን ዛሬም በኤክሴል የሚይዙ ቢሮዎች ይህን ቢያስቡበት ደስ ይለኛል።

የማይክሮሶፍት ትንሹ ዳታቤዝ አክሰስ አንድ ፋይሉ 2 ጊጋባይት ላይ ያበቃል። ነፃው ዳታቤዙ ኤስኪውኤል ሰርቨር ኤክስፕረስ እስከ 2022ቱ ስሪት ድረስ ለአንድ ዳታቤዝ የሚፈቅደው 10 ጊጋባይት ብቻ ነው። ያሰብነው የቁጠባ ተቋም ይህን የሚሞላው ገና ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ሳይሞላው ነው፤ ፍለጋ የሚያፋጥኑት ኢንዴክሶች (ከታች እመለስባቸዋለሁ) ሲጨመሩ ደግሞ ቀድሞ። ሲሞላ ማንበብ ይቻላል፣ አዲስ ረድፍ ማስገባት ግን እምቢ ይላል። በሰው ዓይን ሲታይ "ሲስተሙ ተበላሸ" ነው። አልተበላሸም፤ ነፃው ድርሻ አልቋል።

ፍላሽም አለ። ብዙ ፍላሾች ፋት32 በሚባለው አሠራር ፎርማት የተደረጉ ናቸው። እዚያ ላይ አንድ ፋይል ከ4 ጊጋባይት መብለጥ አይችልም። ባክአፓችሁ (የመጠባበቂያ ቅጂያችሁ) 4 ጊጋባይት ሲያልፍ ፍላሹ ባዶ ቦታ እያለው "አልችልም" ይላል። ፎርማቱን ወደ ኢክስፋት መቀየር ይፈታዋል።

ከሁሉም የማስጠነቅቀው ግን ስለ መለያ ቁጥሩ ነው። ለእያንዳንዱ ረድፍ በራሱ የሚሰጠው ተከታታይ ቁጥር ብዙ ጊዜ "ኢንት" በሚባል ዓይነት ይያዛል። የዚህ ዓይነት የመጨረሻ ቁጥሩ 2,147,483,647 ነው። ዩቲዩብ በ2014 እ.ኤ.አ. መጨረሻ የአንድ ኮሪያዊ ዘፈን ተመልካች ከዚህ ቁጥር ሲያልፍ ቆጣሪውን ወደ ሰፊው ዓይነት ቀይሯል። ለቁጠባ ተቋማችን ይህ ቁጥር 89 ዓመት ይበቃዋል። ነገር ግን ኮምቦልቻ ያለ አንድ ፋብሪካ 200 የማሽን ሴንሰሮች ቢኖሩትና እያንዳንዱ በየሰከንዱ አንድ ረድፍ ቢጽፍ፣ በቀን 17,280,000 ረድፍ ይገባል። ቁጥሩ በ124 ቀን ያልቃል። ከመስከረም የጀመረ ጥር ላይ ይቆማል ማለት ነው። "ቢግኢንት" የሚባለው ሰፊው ዓይነት በረድፍ የሚጨምረው 4 ባይት ብቻ ነው። ከመጀመሪያው እሱን ምረጡ። በኋላ መቀየር ቴብሉን እንደ አዲስ ማስጻፍ ይጠይቃል፤ በትልቅ ቴብል ላይ ይህ ሰዓታት ይወስዳል።

ታዲያ ለምን ይዘገያል?

ዳታቤዝ ዲስክ ላይ የሚያነበው ረድፍ በረድፍ አይደለም። ረድፎች "ገጽ" በሚባሉ እኩል ቁራጮች ውስጥ ተጠቅጥቀው ይቀመጣሉ። በፖስትግሬስ አንዱ ገጽ 8 ኪሎባይት፣ በኢኖዲቢ 16 ኪሎባይት ነው። አንድ ረድፍ ብትፈልጉም የሚነበበው ገጹ ሙሉ ነው። ፍጥነት ማለት እንግዲህ የሚነበቡት ገጾች ብዛት ነው።

የሆስፒታል ካርድ ክፍልን አስቡ። ካርዶቹ በመጡበት ቅደም ተከተል ተደርድረው ስም ብቻ ይዞ የሚመጣ ታካሚ ቢኖር፣ ሠራተኛዋ መደርደሪያውን ከጫፍ እስከ ጫፍ ማገላበጥ አለባት። ከጎኗ በፊደል ተራ የተጻፈ የስም መዝገብ ካላት ግን ስሙን እዚያ ታያለች፣ የመደርደሪያውን ቁጥር ታነባለች፣ በቀጥታ ትሄዳለች። ያ መዝገብ ኢንዴክስ ነው።

ዛሬ አብዛኛው ዳታቤዝ የሚጠቀምበት ኢንዴክስ "ቢ-ትሪ" ይባላል። በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ቦይንግ ውስጥ ይሠሩ የነበሩት ሩዶልፍ ባየርና ኤድዋርድ ማክክሬት ያወጡት ሐሳብ ነው። ብልሃቱ እንዲህ ነው። አንዱ የኢንዴክስ ገጽ ወደ አንድ ሺህ የሚጠጉ አቅጣጫ ጠቋሚዎችን ይይዛል። እያንዳንዱ ጠቋሚ ደግሞ ሌላ አንድ ሺህ ጠቋሚ ወደያዘ ገጽ ይመራል። ሁለት ደረጃ ስትወርዱ አንድ ሚሊዮን ገጽ ጋ ትደርሳላችሁ። እያንዳንዱ የታች ገጽ 100 ረድፍ ቢይዝ ከ100 ሚሊዮን ረድፍ ውስጥ አንዱን ለማግኘት የሚነበበው 3 ወይም 4 ገጽ ብቻ ነው።

ያለ ኢንዴክስ ግን ያው ቴብል፣ በ200 ባይት ሲሰላ 20 ጊጋባይት፣ ሙሉ ይነበባል። በሰከንድ ከ100 እስከ 150 ሜጋባይት በሚያነብ ተሽከርካሪ ሃርድ ዲስክ ከ2 እስከ 3 ደቂቃ በላይ ይፈጃል። በኢንዴክሱ በኩል ከአንድ ሰከንድ ያነሰ። ቴብሉ አንድ ነው፣ ሰርቨሩ አንድ ነው፣ ልዩነቱ የሄዳችሁበት መንገድ ነው።

"የእኛ እኮ 900 ሺህ ረድፍ ብቻ ነው፣ እንዴት ይጎተታል?" የሚል ይኖራል። ትክክለኛ ጥያቄ ነው። 270 ሜጋባይት ሙሉ ማንበብ በዚያው ዲስክ ሁለት ሦስት ሰከንድ ነው። ግን ፕሮግራሙ የዛሬ 50 ታካሚዎችን ዝርዝር ሲያወጣ ለእያንዳንዳቸው "መጨረሻ የመጣው መቼ ነው?" ብሎ ለየብቻ የሚጠይቅ ከሆነ 50 ጊዜ ሙሉ ንባብ ይደረጋል። አንድ ስክሪን ለመክፈት ሁለት ደቂቃ ሊጠጋ ይችላል። አራት መስኮት ላይ አራት ሠራተኞች ይህን በአንድ ጊዜ ሲከፍቱ ምን እንደሚሆን ገምቱ። አብዛኛው የእኛ አካባቢ መጎተት ይህን ይመስላል። ፈውሱም አንድ ኢንዴክስ መጨመርና ሃምሳውን ጥያቄ ወደ አንድ ማምጣት ነው።

መሐመድን መፈለግ

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ የወሎን መዝገብ ከሌላው የሚለየው ይህ ነውና።

ደሴ ውስጥ "መሐመድ" ብላችሁ ብትፈልጉ ስንት ሰው እንደሚመጣ መገመት አያዳግትም። ሰይድም፣ አሊም፣ አህመድም፣ ይማምም እንደዚያው ነው። ኢንዴክስ የሚጠቅመው ፍለጋው ጥቂት ረድፎችን ሲመርጥ ነው። ከመዝገቡ ትልቅ ድርሻ የሚመልስ ስም ከሆነ ዳታቤዙ ራሱ "ሁሉንም ባነብ ይሻለኛል" ብሎ ኢንዴክሱን ይተወዋል። ስለዚህ ኢንዴክሱን በስም ብቻ አትሥሩት። ስምን፣ የአባትንና የአያትን ስም በዚሁ ተራ አንድ ላይ አድርጉት። ሠራተኛዋ "ሰይድ መሐመድ ይማም" ብላ ስትፈልግ በቀጥታ ይደርሳል። ተራው ግን ወሳኝ ነው። በስም የሚጀምር ኢንዴክስ በአባት ስም ብቻ ለሚደረግ ፍለጋ አያገለግልም። ከሁሉም በፊት ደግሞ የካርድ ቁጥር ወይም ስልክ ካለ በእሱ ፈልጉ።

ሁለተኛው ችግር አጻጻፍ ነው። አንዱ ጸሐፊ መሐመድ፣ ሌላው መሀመድ፣ ሦስተኛው ሙሐመድ፣ አራተኛው ሙሃመድ ብሎ ያስገባል። እንድሪስ፣ ኢድሪስ፣ እድሪስም አለ። ፀሐይና ጸሀይ፣ ሠናይትና ሰናይት እንዲሁ። ለኮምፒውተር እነዚህ ሁሉ የተለያዩ ስሞች ናቸው። ሠራተኛዋ ሰውየውን ስታጣው አዲስ ካርድ ታወጣለታለች። የቀድሞ ሕክምናው እዚያው ተቀብሮ ይቀራል። ይህ ከመዘግየትም የባሰ ነው።

ፕሮግራመሮች ይህን ለማምለጥ የሚያደርጉት ነገር ደግሞ ቴብሉን ይገድለዋል። "ላይክ" በሚባለው ትእዛዝ ከስሙ ፊትም ኋላም የመቶኛ ምልክት ያስቀምጣሉ። ትርጉሙ "ይህ ፊደል የትም ቦታ ቢኖር አምጣ" ነው። ኢንዴክስ የተደረደረው ከመጀመሪያው ፊደል ጀምሮ ነው። መጀመሪያው ካልታወቀ ኢንዴክሱ አይረዳም፤ ሙሉ ንባብ ይጀመራል። ምልክቱ ከኋላ ብቻ ቢሆን ግን ኢንዴክሱ ሊሠራ ይችላል።

የተሻለው መንገድ አንድ ተጨማሪ ዓምድ ነው። ስሙ እንደተጻፈ ይቀመጥ፤ ሰው ስሙን እንደሚጽፈው የማየት መብት አለው። ከጎኑ ለፍለጋ ብቻ የሚሆን የተስተካከለ ቅጂ ይኑር። በቅጂው ላይ ሐ እና ኀ ወደ ሀ፣ ሠ ወደ ሰ፣ ዐ ወደ አ፣ ፀ ወደ ጸ ይቀየሩ። ከዚያ ሁሉንም ፊደል ወደ ግዕዙ፣ ማለትም ወደ መጀመሪያው ቤት መልሱት። መሐመድም ሙሃመድም "መሀመደ" ይሆናሉ። ኢድሪስና እድሪስ ሁለቱም "አደረሰ" ይሆናሉ። እንድሪስ ግን "ን" ስላለበት ለብቻው ይቀራል፤ እሱን በሁለተኛ ሙከራ ፈልጉት።

ይህን መሥራት ከሚመስለው በላይ ቀላል ነው። ለእያንዳንዱ ፊደል ቁጥር (ኮድ) የሚሰጠው ዩኒኮድ የእኛን ፊደል ያስቀመጠው በስምንት በስምንት ረድፍ ስለሆነ፣ ለአብዛኞቹ ፊደላት ከኮዱ ላይ ለስምንት ሲካፈል የሚተርፈውን መቀነስ ብቻ ነው። ጥንቃቄ የሚፈልገው አንድ ነገር አለ። እንዲህ ሲደረግ የማይገናኙ ስሞችም ሊገናኙ ይችላሉ። ስለዚህ ውጤቱ ሲወጣ በትክክል የተጻፈው ከላይ፣ ተቀራራቢው ከታች ይሁን። ኢንዴክሱን በተስተካከለው ዓምድ ላይ ሥሩ።

የፊደላችን መጠንም ይታወቅ። ዩቲኤፍ-8 በሚባለው የተለመደ የፊደል አቀማመጥ አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ይወስዳል፤ የላቲኑ 1 ባይት ነው። ቀድሞ የኢኖዲቢ ኢንዴክስ ለአንድ ዓምድ 767 ባይት ብቻ ይፈቅድ ነበር። በድሮ ሲስተሞች "191" የሚል እንግዳ የዓምድ ርዝመት የምታዩት በዚያ ነው፤ ማይኤስኪውኤል ለአንድ ፊደል እስከ 4 ባይት ስለሚያስብ 767 የሚበቃው ለ191 ፊደል ነው። አዲሶቹ ስሪቶች ወደ 3,072 ባይት ከፍ አድርገውታል።

ቀኑን በጽሑፍ አታስቀምጡ

የእኛ አቆጣጠር ሌላው የመጎተት ምንጭ ነው። የዳታቤዝ የቀን ዓይነት የሚያውቀው የፈረንጆቹን ካላንደር ብቻ ነው። ጥቅምት 30ን እንዳለ ልታስገቡ ብትሞክሩ ጥቅምት ሁለተኛ ወር ስለሆነ ፌብሩዋሪ 30 ሆኖ ይታየዋል፤ ይመልሰዋል። ጳጉሜንማ 13ኛ ወር ስለሆነ ጭራሽ አይቀበልም። ፕሮግራመሩ ይሰለችና ቀኑን እንደ ጽሑፍ "05/01/2016" ብሎ ያስቀምጠዋል።

ከዚያ ችግሩ ይጀምራል። ጽሑፍ የሚደረደረው ከግራ ነው። መስከረም 5 ቀን 2016 "05" ብሎ ስለሚጀምር ሐምሌ 12 ቀን 2015 ከሚለው "12/11/2015" ይቀድማል። "ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 ያለውን አውጣ" ሲባል ዳታቤዙ በኢንዴክስ መሄድ አይችልም። እያንዳንዱን ረድፍ አንብቦ፣ ጽሑፉን ቆራርጦ፣ ወደ ቁጥር ቀይሮ ማወዳደር አለበት። የበጀት ዓመት መዝጊያ ላይ ሪፖርት ሲጠየቅ ሲስተሙ የሚንበረከከው ለዚህ ነው።

መፍትሔው ዳታቤዙ ውስጥ በፈረንጆቹ ቀን አስቀምጦ ስክሪን ላይ ሲወጣ ወደ እኛ መቀየር ነው። ተጠቃሚው የሚያየው ሁልጊዜ ኢትዮጵያዊ ቀን ይሁን። ጽሑፍ ካልቀረ ግን ቢያንስ ዓመት፣ ወር፣ ቀን በሚል ተራ "2016-01-05" ብላችሁ ጻፉት፤ እንዲህ ሲሆን መደርደሩ ይስተካከላል። በፈረንጅ ቀን የተቀመጠ ዓምድም ቢሆን በጥያቄው ውስጥ "የዚህ ቀን ዓመት 2023 የሆነውን" ማለት ተራውን ኢንዴክስ ያሰናክላል። መነሻና መድረሻ ቀን ሰጥታችሁ ጠይቁ።

ሰርቨሩ ያለውን እየተጠቀመ ነው?

ማይኤስኪውኤልም ፖስትግሬስም ሲጫኑ ገጾችን ራም ላይ ለማቆየት የሚመድቡት 128 ሜጋባይት ነው። ሰርቨሩ 16 ጊጋባይት ራም ቢኖረውም ካልነገራችሁት በዚሁ ይቀራል። 270 ሜጋባይት የሆነው የጤና ጣቢያው ቴብል እንኳ ሙሉ አይገባበትም። ሰርቨሩ ለዳታቤዝ ብቻ ከሆነ ለማይኤስኪውኤል እስከ 80 በመቶ የሚደርስ ራም መስጠት ይቻላል። ለፖስትግሬስ መነሻው 25 በመቶ ነው፤ የቀረውን ኦፕሬቲንግ ሲስተሙ ራሱ ይጠቀምበታል። አንድ መስመር ማስተካከልና እንደገና ማስነሳት ነው። ከአዲስ ሰርቨር ጨረታ በፊት ይህ ይታይ። ገንዘብ የሚወጣ ከሆነም መጀመሪያ ተሽከርካሪው ዲስክ ወደ ኤስኤስዲ፣ ማለትም ወደማይሽከረከረው ፈጣን ዲስክ፣ ይለወጥ።

የትኛው ጥያቄ እንደሚያዘገይ ለማወቅ መገመት አያስፈልግም። ሁለቱም ዳታቤዞች ከተወሰነ ሰከንድ በላይ የወሰደውን ጥያቄ ሁሉ በፋይል እንዲመዘግቡ ማዘዝ ይቻላል። ለአንድ ሳምንት ክፈቱት። ከዚያ ከላይ ያሉትን ጥቂቶች ወስዳችሁ ከፊታቸው "ኤክስፕሌይን" የሚለውን ቃል ጨምሩ። ዳታቤዙ በየትኛው መንገድ እንደሚሄድ ይነግራችኋል። በፖስትግሬስ "ሴክ ስካን"፣ በማይኤስኪውኤል "ኦል" ካለ ሙሉ ንባብ ነው። ትንሽ ቴብል ላይ ምንም አይደለም። ትልቅ ቴብል ላይ ከሆነ ሌባውን ያዛችሁት።

ስክሪን ላይ "ጠቅላላ 912,404 መዝገብ" የሚል ቁጥር ሁልጊዜ የሚያሳዩ ፕሮግራሞችም አሉ። ያ ቁጥር በየጊዜው ሲቆጠር ኢኖዲቢም ፖስትግሬስም በእርግጥ ረድፎቹን ይቆጥራሉ፤ የተዘጋጀ ድምር የላቸውም። "ገጽ 20,000" ላይ መዝለልም ያው ነው፤ ከፊቱ ያሉት ሁሉ ተነብበው ይጣላሉ። "ከዚህ ቁጥር ቀጥሎ ያሉትን 20 ስጠኝ" ብሎ መጠየቅ ይሻላል።

ኢንዴክስ ይጠቅማል ተብሎ ደግሞ በሁሉም ዓምድ ላይ አይደረግም። አንድ ረድፍ በገባ ቁጥር ኢንዴክሱ ሁሉ አብሮ ይጻፋል፤ ማስገባቱ ይዘገያል። የታካሚን ፎቶና የተቃኘ ሰነድም ቴብል ውስጥ አትክተቱ። ፋይሉ በፎልደር ይቀመጥ፣ ቴብሉ አድራሻውን ይያዝ።

ቴብሉ በእርግጥ ሲበዛ

በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠር ረድፍ ያላቸው ጥቂት ቦታዎች አሉ። የሴንሰሩ ፋብሪካ አንዱ ነው። እዚህ ቴብሉን በጊዜ መከፋፈል ያዋጣል። ዳታቤዙ አንዱን ቴብል ውስጥ ለውስጥ በበጀት ዓመት ለያይቶ ያስቀምጠዋል፤ ፕሮግራሙ ግን እንደ አንድ ነው የሚያየው። ድንበሩ ለእኛ ምቹ ነው፦ ሐምሌ 1 በየዓመቱ ጁላይ 8 ላይ ነው የሚውለው። የዘንድሮን የጠየቀ የዘንድሮውን ክፍል ብቻ ያነባል። በማይኤስኪውኤል የምትከፍሉበት ቀን በዋናው ቁልፍ፣ ማለትም እያንዳንዱን ረድፍ በሚለየው ዓምድ፣ ውስጥ መካተት እንዳለበት አትርሱ። 900 ሺህ ረድፍ ላለው ግን ይህ አያስፈልግም፤ ሥራ ማብዛት ነው።

ክፍፍሉ አሮጌ መረጃ ሲወጣም ይረዳል። ከቴብል ሚሊዮን ረድፎችን መሰረዝ ረጅም ሥራ ነው፣ ዲስኩም ላይ ቦታ አይለቀቅም። ኢኖዲቢ ባዶውን ቦታ ለሚቀጥለው ረድፍ ይይዘዋል። ፖስትግሬስም በአብዛኛው እንዲሁ። "ሰርዤ እያለ ዲስኩ ለምን አልቀለለም?" የሚለው ጥያቄ መልሱ ይኸው ነው። ቦታውን ለማስመለስ ቴብሉ እንደ አዲስ መጻፍ አለበት፤ ለዚህ ደግሞ የቴብሉን ያህል ነፃ ቦታ ያስፈልጋል። አንድን ክፍል እንዳለ ማውጣት ግን የአፍታ ሥራ ነው።

መብራት በሚሄድበት አካባቢ ስለምንሠራ አንድ ነገር ላጥብቅ። ለፍጥነት ተብሎ የሚነገር ምክር አለ፤ ዳታቤዙ እያንዳንዱን ጽሑፍ ዲስክ ላይ መድረሱን እንዳያረጋግጥ ማድረግ። በእርግጥም ይፈጥናል። መብራት ሲቋረጥ ግን በማይኤስኪውኤል የመጨረሻው ሰከንድ ክፍያዎች ሊጠፉ ይችላሉ። በፖስትግሬስ "ኤፍሲንክ" የሚባለውን ማጥፋት ዳታቤዙን በሙሉ ሊያበላሽ ይችላል። አትንኩት። በድሮው የማይኤስኪውኤል ማከማቻ በማይአይሳም የተሠራ ቴብል ካላችሁም ወደ ኢኖዲቢ ቀይሩት። ማይአይሳም በድንገት ሲጠፋ ይበላሻል፤ ኢኖዲቢ የራሱን ማስታወሻ አንብቦ ይነሳል።

የመጨረሻው ባክአፕ ነው። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲገባ ሆስፒታልም ዩኒቨርሲቲም ተዘርፏል። ከኮምፒውተሩ ጋር የሰው ታሪክም ሄዷል። ሁለቱ ከተሞች 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ስለሚራራቁ በተመሳሳይ ቀናት ነው የተያዙት። የደሴን ቅጂ ኮምቦልቻ ማስቀመጥ ስለዚህ አይበቃም፤ አዲስ አበባ ወይም ባሕር ዳር፣ በይለፍ ቃል ተቆልፎ ይቀመጥ። ቅጂው መነሳቱንም በሌላ ማሽን ላይ ሞክሩ፣ ሰዓቱን ያዙ። በጽሑፍ መልክ የተወሰደ የትልቅ ቴብል ባክአፕ ሲመለስ ኢንዴክሶቹ ሁሉ እንደገና ስለሚሠሩ ከመውሰዱ ብዙ እጥፍ ሊቆይ ይችላል። ትልቁን ቴብል በበጀት ዓመት ከፍላችሁት ከሆነ ደግሞ ያለፉት ዓመታት ክፍሎች ስለማይለወጡ አንዴ ተገልብጠው ይላካሉ። ከዚያ በኋላ በየማታው የሚላከው የዘንድሮው ክፍል ብቻ ነው፤ ይህን ደካማ ኔትወርክም ይችለዋል።